ገና ሲላላ፣ ገና ሲጠብቅ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ። ይህን የምጽፍላችሁ በዋዜማው ምሽት፣ ሐዋሳ፣ ከቤቴ ሆኜ ነው። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፤ ሽንኩርቱ ገና እየተቁላላ ነው። ከኅዳር 15 ጀምራችሁ ስትጾሙ ለከረማችሁ ሁሉ መልካም መፍቻ ይሁንላችሁ። የዘንድሮ መልእክቴ ስለ አንድ አሮጌ መጽሐፍ ነው።

መጽሐፉ ሽፋን የለውም። የመጀመሪያዎቹ አራት ቅጠሎችም ወድቀዋል፤ እኛ ቤት የሚጠራው «ሽፋን የለሹ» እየተባለ ነው። ጦጣና ጅብ፣ ነጋዴና ሽፍታ፣ ዓሣ አጥማጅና አሞራ የሞሉበት የተረት መጽሐፍ ነው። ሰባት ዓመት ሲሞላኝ እናቴ ከመንገድ ላይ ሻጭ ገዝታ፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ አመጣችልኝ።

እናቴ ፊደል የቆጠረችው ትልቅ ሰው ሆና ነው። በሐምሌ 1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ከተመዘገቡት አንዷ ነበረች፤ ቀን ስትሠራ ውላ ማታ ማታ ትማር ነበር። ለእኔ ስታነብልኝም ከጎልማሶች ትምህርት የወጣ ሰው አነባበብ አልለቀቃትም። ጣቷን ከቃሉ ሥር ታስቀምጣለች። ጣቷ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል። መብራት በጠፋ ማታ ኩራዙን ወደ ገጹ አስጠግታ፣ ያልለመደችውን ቃል መጀመሪያ አላልታ ትለዋለች፤ ትርጉም አልሰጥ ሲላት ዝም ትላለች፤ ከዚያ አጥብቃ ትደግመዋለች፤ «አዎ» ብላም ትቀጥላለች። እኔ ድግግሞሹ የተረቱ አካል ይመስለኝ ነበር። ጅቡ ሁለት ጊዜ ካልመጣ የመጣ አይመስለኝም ነበር።

አሁን መጽሐፉን ለሁለት ልጆቼ የማነብላቸው እኔ ነኝ፤ ዘጠኝ ዓመት የሞላት ልጄ ደግሞ ተራ ትጠይቃለች። ባለፈው ሳምንት ስለ አንድ ገበሬ ታነብ ነበር። ሰውዬው ማጭዱን ይዞ ይወጣል፤ «ነገር ግን ገና አልደረሰም ነበር» ይላል መጽሐፉ። ልጄ «ገና»ን አጥብቃ አነበበችውና ቀና ብላ፣ «እውነቱን ነው፣ ስምንት ቀን ይቀረዋል» አለች። እናቴ ከመደቡ ላይ ሆና፣ «ላላ አድርጊው የኔ ልጅ፤ ያልደረሰው እህሉ ነው» አለቻት።

በማግስቱ ተራው የሽፍታው ነበር። «ሽፍታው ከጫካ ወጣ» የሚለውን በሐኪም ቤት እንደምናውቀው ሽፍታ «ፍ»ን አጥብቃ ስታነብ፣ ስድስት ዓመት የሆነው ወንድሟ እጁን እየተመለከተ «ማን ላይ ወጣ?» ብሎ ጠየቀ። ስንስቅ ቆየን። ከሳቁ በኋላ ግን ልጄ ጥያቄዋን አመጣች። «በሲዳሙ አፎ (በሲዳማ ቋንቋ) እኮ ድምፁ ሲጠብቅ ፊደሉ ሁለት ጊዜ ይጻፋል። አማርኛ ለምን አይጽፈውም?»

ይህን ጥያቄ ሰሞኑን ተሸክሜው ነው የዋልኩት። እውነቷን ነው። ዋና ሥራና የሐይቅ ዋና በወረቀት ላይ አንድ ናቸው። «አለ» የተናገረም ነው፣ ያለም ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላቱን ለአንባቢው ጆሮ ትቶታል፤ ጆሮውም የሚያውቀው ቀድሞ ከሰማው ብቻ ነው። የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ግማሹ ወረቀቱ ላይ፣ ግማሹ በሚያነብለት ሰው አፍ ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ። ልጆቻችሁ ራሳቸው ማንበብ ቢችሉም ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቡላቸው የምለው ለዚህ ነው። ደክሟችሁም ቢሆን አንድ ገጽ አይከብድም።

ሥዕሎቹ ያሉባቸው ቅጠሎች ብዙዎቹ ተገንጥለዋል፤ እሱ አላስጨነቀንም። የዓሣ አጥማጁን ዓሣ የሚነጥቀውን አሞራ ልጆቼ ለማየት መጽሐፍ አያስፈልጋቸውም፤ እሑድ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ወስጃቸው፣ ትልልቆቹ አሞራዎች የዓሣ ጭንቅላት እየጠበቁ ቆመው ሲያዩ ትንሹ «ያ ነው! ሌባው ያ ነው!» እያለ አንዱን በጣቱ አሳየኝ።

እናቴ አሁን ዓይኗን ሞራ ጋርዶባታል። መጽሐፉን ከፍታ ብትይዘውም ገጹን አታየውም፤ ነገር ግን የትኛው ተረት ከየትኛው እንደሚቀጥል፣ የዘይት ጠብታዋ የት ገጽ ላይ እንደቀረች ታውቃለች። ዛሬ ማታ ቡና ተፈልቶ ልጄ ከእግሯ ሥር ተቀመጠችና አነበበችላት። ልጄ በሚገባ ማንበብ ትችላለች። ሆኖም ጣቷን ከቃሉ ሥር አስቀመጠች፤ አንዱ ጋ ስትደርስ አላልታ አለችው፣ ዝም አለች፣ አጥብቃ ደገመችው፣ «አዎ» ብላም ቀጠለች። ይህን ማንም አላስተማራትም። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፤ እኔም ሽንኩርቱን ላማስል ብዬ ወደ ማድ ቤት ገባሁ።

አሁን ሁሉም ተኝቷል ስል ትንሹ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ብቅ ብሎ «እማማ፣ ነጋ እንዴ?» ብሎ አያቱን ጠየቃት።

«ገና ነው» አለችው፣ አላልታ።

እሱ ግን አጥብቆ ደገመው። «ገና ነው!»

መልካም በዓል ይሁንላችሁ፣ ወዳጆቼ።