ቤንዚን ለምነን ቦቴ መጣልን

የታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት ጅማ ነበርኩ፣ ጓደኛዬ ቤት። እሱ ከአሜሪካ ጠቅልሎ ከገባ ቆይቷል። ወደ ጅሬን በሚያወጣው መንገድ ቤት ሠርቶ ቡና ይነግዳል። እኔ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። በዓመት አንዴ ጊቤን ተሻግሬ እመጣለሁ፣ ያው ለሱ ብዬ ነው።

ባለቤቱ ቡና እየቆላች ነው። እኛ በዚያች ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ላይ ተቀምጠን ቆሎ እንቆረጥማለን። ጾም ነው። ልጆቹ ከበቡኝና "ጋሼ፣ የስኪውን ንገረን" አሉኝ። ስንት ጊዜ ሰምተውታል። እኔም ጀመርኩላቸው። በረዶ ላይ ስንንሸራተት እንዴት እንደወደቅን፣ የአራት ዓመት ፈረንጅ እንዴት በእግሮቼ መሃል እንዳለፈ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሳቁ ሞቅ ሲል እንደ ልማዴ አቆምኩ።

ጓደኛዬ ቆሎውን በእጁ ይዞ ዝም ብሎ አየኝ። "አንተ ሰውዬ፣ ሁልጊዜ መኪናዋ ጋ ስትደርስ ነው የምታቆመው" አለኝ። "ስለትህን መቼ ነው የምትከፍለው?"

ክው አልኩ። እውነቱን ነው። የኔ ስለት ጃንጥላም ጧፍም አልነበረም። "ከዚህ ካወጣኸኝ ለሰው እናገራለሁ" ነበር ያልኩት። ከተሳልኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ እስካሁን ያወራሁት ግን ቀልዱን ብቻ ነው። ይኸው ዛሬ ልክፈል።

ዘመኑ 1994 ዓ.ም. ነው። ሁለታችንም ኮሎራዶ፣ ዴንቨር ነበርን። እሱ ታክሲ ይነዳል፣ እኔ መኪና ማቆሚያ ቦታ ላይ በአንዲት ጠባብ ዳስ ውስጥ ተቀምጬ ትኬት እቆርጣለሁ። ዴንቨር ከባሕር ጠለል አንድ ማይል ከፍ ስለምትል፣ ማለትም 1,609 ሜትር ላይ ስለሆነች፣ ሰዎቿ ይኩራሩባታል። ጓደኛዬ ይህን የሰማ ቀን ሳቁ አልቆም አለ። "ጅማ ትበልጣታለች እኮ! እኛ ግን አላወራንም" አለ።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሁለት የስኪ ትኬት በነፃ ሰጠኝ። ኪስቶን የሚባል ቦታ ነው፣ ተራሮቹ መሃል። ቀኑ ታኅሣሥ 18 ዋለ። ጓደኛዬ "ነገ ገብርኤል ነው፤ በዋዜማው በረዶ ላይ ምን ያንከባልለናል?" ብሎ ነበር። እኔ ነኝ የጎተትኩት። መኪናዋ የኔ፣ አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ። ጎማዋ መላጣ ነው። ቤንዚን ስንመለስ እሞላለሁ ብዬ በግማሽ ታንከር ወጣሁ። ይህቺን ያዙልኝ።

እሱ ከኪሱ ትንሽ ሥዕል አውጥቶ መስታወቱ ላይ ሰቀላት። እናቱ ከጅማ የላኩለት ናት። ሦስቱ ልጆች እሳት ውስጥ፣ ገብርኤል ከላያቸው። እኔ ያኔ ጾሙንም ጸሎቱንም ትቼ ነበር። "የእሳት እንጂ የበረዶ መልአክ መች ይዘሃል?" ብዬ ቀለድኩበት። ዝም አለኝ።

ስኪው እንግዲህ ያው ነው። ጫማው እንደ ድንጋይ ነው፤ ቁርጭምጭሚት የሚባል ነገር የለህም። እግሩን የታሰረ በግ ሆነህ ነው የምትራመደው። አስተማሪዋ ለመቆም ስትፈልጉ ሁለቱን ስኪ ከፊት አጥብባችሁ እንደ ፒዛ ቁራሽ አድርጉት አለችን። ለልጆች እንደዚያ ነው የሚያስተምሩት፤ እኛም የተመደብነው ከልጆች ጋር ነው። ጓደኛዬ ወጣት ሆኖ ጅማ ውስጥ ኳስ ተጫዋች ነበር፤ ሚዛኑን አይስትም። ብቻ መቆም አልቻለም። ቁልቁል እየወረደ "ፒዛ! ፒዛ!" እያለ ይጮሃል፤ ስኪው ግን አማርኛ አይሰማ እንግሊዝኛ አይሰማ። አጥር ላይ ሄዶ ቆመ። ልጆቹ የሚስቁት እዚህ ጋ ነው።

ከሰዓት በኋላ በረዶው በረታ። ወደ ዴንቨር የሚመለሰው ትልቁ መንገድ አይዘንሃወር በሚባል ዋሻ ውስጥ ነው የሚያልፈው። ተራራውን ከሥር 2.7 ኪሎ ሜትር ያህል የበሳ ዋሻ ነው፤ በ1973 በፈረንጅ ነው የተከፈተው። ወደ ዋሻው የሚወስደው መንገድ ተጨናንቆ መኪና ቆሟል አሉን። አንዱ ደግሞ "በላይ በኩል ውጡ፣ በላቭላንድ ፓስ" አለን። ዋሻው ሳይኖር ሰው የሚሄድበት የድሮ መንገድ ነው። ጫፉ 3,655 ሜትር ላይ ነው። የጅማን ከፍታ ሁለት ጊዜ ብትደራርበው አይደርስበትም። ጠመዝማዛ ነው፣ በአንድ በኩል ተራራ፣ በሌላው ገደል፣ ገደሉ ላይ ደግሞ መከላከያ ብረት የሌለው ቦታ ብዙ ነው። ጓደኛዬ "ተው፣ ሰልፉን እንጠብቅ" አለኝ። እኔ መቼ እሰማለሁ?

አንዱ ኩርባ ላይ ጎማው ከዳኝ። ፍሬን ያዝኩ፤ የባሰ ጥፋት። መኪናዋ ዞረች። ወደ ገደሉ ስትሄድ አየሁ፤ ከዚያ እንደገና ዞረችና ቂጧን ተራራው ሥር የተከመረው በረዶ ውስጥ ወሸቀች። ጸጥ አለ። አንድም የተሰበረ ነገር የለም። ወደፊት ብትል አትንቀሳቀስም። የጓደኛዬ ስልክ ኔትወርክ አይይዝም። ደግሞም ጨለመ።

ሞተሩን አላጠፋሁም። ማሞቂያው ነበር ተስፋችን። መስኮቱን ጥርቅም አድርገን ዘግተን ተቀመጥን። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደቆየን የቤንዚኑ መብራት በራ። ግማሽ ታንከር ይዤ መውጣቴ ያኔ ትዝ አለኝ።

ጓደኛዬ ጸሎት ጀመረ። ጮክ ብሎ፣ እናቱ ጓዳ ሆነው እንደሚጸልዩት። "የእናቴ ገብርኤል፣ ሌላ አልለምንህም፣ ቤንዚኗን አቆይልን። እስኪነጋ ብቻ።" ለቁልቢ ጃንጥላ ተሳለ። እኔም፣ ያ ሲቀልድ የዋለው ሰው፣ ፈራሁ። ራሴን ይወጋኝ ነበር፤ ከፍታው ነው ብዬ ነው። ዓይኔ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል። እሱም በጸሎቱ መሃል ሁለቴ አዛጋ። በልቤ "ቤንዚኑን አቆይልኝ፣ ከወጣሁ እናገራለሁ" አልኩ።

አሜን ያልን መሰለኝ። ሞተሩ አንዴ ሁለቴ ሳል ሳል አለና ጠፋ።

አሁን ሁሌ የምዘለውን ልንገራችሁ። እጄን ዘርግቼ ያቺን ሥዕል ከመስታወቱ ላይ በጠስኳት። "ይኸው ገብርኤልህ!" አልኩት። ወለሉ ላይ ወረወርኳት። ጓደኛዬ አልተቆጣኝም። ጎንበስ ብሎ በጨለማ ዳብሶ አነሳት፣ በጃኬቱ ጠርጎ ደረቱ ኪስ ከተታት። ከዚያ በሩን ከፍቶ ወጣ። "ማሞቂያ ከሌለ እዚህ ምን እንሠራለን? ና መኪና እንጠብቅ" አለኝ። ሳልወድ ተከተልኩት። ብርዱ እንደ በርበሬ ፊት ያቃጥላል። ትንሽ ቆይቶ ግን ራስ ምታቱ ተወኝ። ልብ አላልኩትም።

ስንት ሰዓት እንደቆምን አላውቅም። አንድ ሰዓት ይሆናል። እግሬን መስማት አቁሜ ነበር። ከላይ፣ ከጫፉ በኩል፣ መብራት ብልጭ አለ። ትልቅ መኪና ነው፣ ጎማው ላይ ሰንሰለት የታሰረ፣ እየቀጨለ ቁልቁል ይመጣል። ያንን ቁልቁለት፣ በዚያ በረዶ፣ የተጫነ መኪና ለማቆም ይደፍራል ብዬ አላሰብኩም። ቆመ። ጎኑን አየነው። የነዳጅ ቦቴ ነው።

ሾፌሩ ሽማግሌ ነው። ወረደና ባትሪውን ይዞ መኪናችንን ዞረ። ከኋላዋ በረዶውን በእግሩ ጫር ጫር አደረገ። ማርሚታዋ የለችም፤ ክንድ የሚያህል በረዶ ውስጥ ተቀብራለች። ቀና ብሎ "ሞተሩ ሲሠራ ነበር?" አለ። ከአንድ ሰዓት በፊት ቤንዚን ጨርሰን ጠፋብን አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ ጭሱ መውጫ አጥቶ ወደ ውስጥ እየገባ እንደነበር፣ በውስጡ ያለው መርዝ ሽታም ቀለምም እንደሌለው፣ በየክረምቱ በዚህ የሚሞት ሰው እንዳለ ነገረን። ራሳችሁን አላመማችሁም? አለን።

ጓደኛዬ በአማርኛ "ከሰል!" አለ።

በቃ፣ ገባኝ። ጅማ ክረምት ላይ ዝናቡ ሲጠና ከሰል ቤት አስገብተው በር ዘግተው የተኙ ሰዎችን ወሬ ያልሰማ ማን አለ? ያ እንቅልፍ እንቅልፍ ያለኝ እንቅልፍ አልነበረም። ቤንዚኗ እስኪነጋ ብትቆይልን፣ ልክ እንደለመንነው፣ የሚያገኙን ጠዋት ነበር። ተቃቅፈን እንደተኛን።

ሽማግሌው ጋቢናው ውስጥ አስገባን። ከፔርሙዝ ቡና ቀዳልን። ለጅማ ልጅ እንደዚያ የቀጠነ ነገር ሰጥቶ ቡና ነው ማለት ስድብ ነው፤ ጓደኛዬ ግን ሁለት ኩባያ ጠጣ። ሳንድዊችም አውጥቶ ሰጠን፣ ሥጋ ያለበት። ጓደኛዬ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ "ጾም ነው" ብሎ መለሰለት። እኔም መለስኩ። ከዓመታት በኋላ የጾምኳት የመጀመሪያዋ እራት ያቺ ናት።

እየወረድን በዚህ በረዶ ምን አመጣህ አልኩት። ነዳጅ የጫነ መኪና በዋሻው ማለፍ አይፈቀድለትም፤ ሌላው ከሥር ሲሄድ ቦቴው በላይ ነው የሚዞረው። የላዩ መንገድ ሲዘጋ ብቻ ነው፣ ሌላውን መኪና አቁመው ቦቴዎቹን በዋሻው የሚያሳልፏቸው። እሱ ካለፈ በኋላ ከኋላው ዘግተውታል። ትንሽ ቀደም ብለው ቢዘጉት በዋሻው ነበር የሚሄደው። ሰው አጋጣሚ ነው ይለኝ ይሆናል። ይበል። እኔ ግን ያን ጊዜ ጋቢናው ውስጥ ማልቀስ ጀመርኩ፣ ጓደኛዬም ከደረቱ ኪስ ሥዕሏን አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። አንድ ጥጓ ተቀዷል። እኔ የቀደድኩት።

ዲለን የምትባል ትንሽ ከተማ አንድ ማደያ ደረስን። ሽማግሌው ቤንዚኑን ሲያራግፍ በመስታወት እናያለን። ጓደኛዬ "አየህ፣ ትንሽ ቤንዚን ብለን ለመንን፣ ቦቴ ሙሉ ላከልን፤ አንዲት ጠብታ ግን አልሰጠንም" አለና ሳቀ። ሲነጋ ታኅሣሥ 19 ነው። መንገዱ ተከፍቶ መኪናዋን ጎትተው አወጡልን። ምንም አልሆነችም።

እሱ አገር ቤት በገባበት ዓመት ራስ መኰንን ወዳሠሯት ቁልቢ ሄዶ ጃንጥላውን አስገብቷል። እኔስ? ከዚያ ወዲህ አንድ ጾም አልገደፍኩም ብል ውሸቴን ነው። ሰው መሃል ስቀመጥ ፒዛውን አወራለሁ፣ መኪናዋ ጋ ስደርስ ያቺ የወረወርኳት ሥዕል ትመጣብኛለች፣ አቆማለሁ።

የዚያን ዕለት ግን በረካው እስኪጠጣ ድረስ ሁሉንም ለልጆቹ ነገርኳቸው። ትንሿ ተነስታ ጓዳ ገባችና አንዲት ሥዕል ይዛ መጣች። ጥጓ በፕላስተር ተለጥፏል። "ይቺ ናት?" አለችኝ።

አሁን ይህን በስልኬ የምጽፈው ጅማ ማደያ ሰልፍ ላይ ሆኜ ነው። ነገ ወደ አዲስ አበባ ልመለስ ነው፤ ቤንዚን የለም ተብለን ከጠዋት ጀምሮ ቆመናል። ጓደኛዬ አጠገቤ ተቀምጦ ቆሎውን ይቆረጥማል። አሁን በጎኑ ነካ አደረገኝ። ቦቴ እየገባ ነው።