ለቅሶ የደረሰው ብርድ ልብሴ

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች ከተማ በመሆኗ፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ብርድ ልብስ መስፋትን የትርፍ ጊዜ ሥራዬ ማድረጌን ለእንግዳ ሰው ማስረዳት አይከብደኝም፤ የሚከብደኝ ለእናቴ ማስረዳቱ ነው። እናቴ፣ ልብስ ሰፊዎች ጠርገው ሊጥሉት ያዘጋጁትን ትርፍራፊ ከፒያሳ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሞ ወደ ቤት የሚያመጣ ሰው ጤንነቱ ያጠራጥራታል። በእሷ ዘመን እራፊ የሚጣፈው የተቀደደ ልብስ ሲኖር ነበር፤ ያልተቀደደውን ጨርቅ በካሬ በካሬ ቆርጦ መልሶ መጣፍ፣ እሷ እንደምትለው፣ ደኅና ጥርስን ነቅሎ እንደገና እንደ መትከል ነው።

አንድ ምሽት ነገሩን ላስከብር ብዬ፣ አሜሪካ ውስጥ በአላባማ ግዛት ጂስ ቤንድ በምትባል ትንሽ መንደር የሚኖሩ ጥቁር እናቶች ከአሮጌ የሥራ ልብስ የሰፏቸው ብርድ ልብሶች እ.ኤ.አ. በ2002 ኒው ዮርክ በሚገኘው የዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ለሕዝብ እንደታዩ፣ በ2006 ደግሞ ምስላቸው በአገሪቱ ቴምብር ላይ እንደታተመ አጫወትኳት። በጸጥታ ካዳመጠችኝ በኋላ፣ «ግድግዳው በርዶት ይሆናል» አለችና ወደ ጀበናዋ ዞረች።

ሥራው ግን ከውጭ ሲያዩት እንደሚመስለው የጨዋታ ሥራ አይደለም። ከልብስ ሰፊዎቹ የማገኘው አብዛኛው ጨርቅ የሽርጥ፣ የጀለቢያና የተማሪ ደንብ ልብስ ትርፍራፊ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ተግባሬ ጥጡን ከቴትሮኑ መለየት ነው፤ ምክንያቱም ጥጥ ውሃ ሲነካው ይሰበሰባል፣ ቴትሮን ግን እንደነበረ ይቀራል፣ ሁለቱ ተጎራብተው ተሰፍተው ከታጠቡ ደግሞ አንዱ ሲኮማተር ሌላው እየተንቦረቀቀ ልፋቱን ሁሉ ያበላሹታል። ስለዚህ ጥጡን ከመቁረጤ በፊት አጥቤ፣ ቀለም መልቀቅ አለመልቀቁን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ አሽቼ አይቼ፣ በካውያ ተኩሼ ነው መቀስ የማነሣው። መብራት በሚጠፋበት ቀን የእናቴን የከሰል ካውያ እዋሳለሁ፤ እሷም ስታውሰኝ የቤት ኪራይ እንዳልተከፈላት ሰው ታየኛለች።

ይህን ታሪክ ያመጣብኝ ብርድ ልብስ ዘጠኝ ቁራጮች ሦስት በሦስት ተደርድረው አንድ ትልቅ ካሬ በሚሠሩበት የቆየ ንድፍ የተሰፋ ነው። እያንዳንዷ ቁራጭ ከተሰፋች በኋላ 10 ሳንቲ ሜትር ሆና እንድትወጣ በየጎኗ 6 ሚሊ ሜትር ለስፌት ተትቶላት 11 ሳንቲ ሜትር ከ2 ሚሊ ሜትር ሆና ትቆረጣለች፤ እኔም ማስመሪያ ይዤ በሳሙና ስባሪ እያሰመርኩ ስቆርጥ ከርሜያለሁ። አግድሙ 15፣ ቁመቱ 21 ቁራጭ ስለሆነ በጠቅላላው 315 ቁራጮች አሉት። እያንዳንዱ ስፌት ከየጎኑ አንዲት ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሰርቅ እንኳ፣ በአግድሙ ባሉት 14 መገጣጠሚያዎች ተደምሮ ወደ ሦስት ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ጨርቅ ጠፍቶ ረድፎቹ አልገጥም ይላሉ። ይህን የምጽፈው ቁራጮቹን ምን ያህል እንደማውቃቸው አንባቢ እንዲረዳልኝ ነው፤ በኋላ ያስፈልጋል።

ብርድ ልብሱ ሦስት ድርብ አለው። ከላይ የተገጣጠመው ጨርቅ፣ ከታች አቡጀዲ፣ መሃሉ ላይ ደግሞ ሙቀት የሚይዘው ሙሌት ነው። ለሙሌት ባዘቶ ጥጥ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ልቅ ጥጥ በቅርብ በቅርብ ካልተሰፋ ሲታጠብ ወደ አንድ ጥግ ሸሽቶ ይጓጎላል። ስለዚህ እናቴን ለምኜ ጠርዙ የተበላ አሮጌ ጋቢዋን ወሰድኩ። ሦስቱን ድርብ አንድ ላይ ለመስፋት በቅድሚያ መሬት ላይ ወጥሮ ዘርግቶ፣ እጥፋት እንዳይኖረው እያስተካከሉ በየስንዝሩ ማያያዝ ያስፈልጋል፤ ለዚህ የሚበቃ ቦታ በቤታችን ያለው ሳሎኑ ብቻ በመሆኑ ቤተሰቡ በሙሉ ግድግዳ ታኮ በጎን በጎን መሄድ ጀመረ። ባለ ሱቁ የነበረውን መርፌ ቁልፍ ሁሉ ጠራርጎ ሰጥቶኝ ስለጨረሰ፣ የቀረውን አንዱን ጠርዝ በእስፒል አያያዝኩት። ሁለቱም ለዚሁ ሥራ የሚውሉ ናቸው፤ ልዩነታቸው መርፌ ቁልፍ አፉን ዘግቶ የሚቀመጥ ሲሆን እስፒል ግን አፉን ከፍቶ የሚጠብቅ መሆኑ ነው።

በማግሥቱ ጠንካራ የጥጥ ክር ፍለጋ ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ሄድኩ። ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ያ ጠመዝማዛ መንገድ ሰውን ከቆላው ሙቀት አግብቶ መልሶ ወደ ደጋው ጉም ሲያወጣው ቀኑ ያልቃል። አመሻሽ ላይ ክሬን ይዤ ቤት ስገባ ሳሎኑ ባዶ ነበር። ወለሉ ታጥቧል።

«እማዬ፣ እዚህ የነበረው የት ሄደ?»

«የቅሬ ልጆች ወሰዱት። የላይኛው ሰፈር እናት ዐርፈው፣ ድንኳን ተጥሎ፣ ምንጣፍ ያላችሁ አውጡ ተባለ፤ መሬት ላይ የተነጠፈውን ሰጠኋቸው።»

«እሱኮ ምንጣፍ አይደለም!»

«መሬት ላይ የሚነጠፍ ነገር ሌላ ምን ይባላል ታዲያ? ነጠላሽን ልበሺና ተነሺ፤ ሳንደርስ መሸብን።»

የሰፈራችን ቅሬ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም በአንድ መዝገብ የያዘ፣ ሰው ሲሞት ድንኳኑን፣ ድስቱን፣ ወንበሩንና ምንጣፉን በአንድ ጀምበር የሚያሟላ ጠንካራ ማኅበር ነው። ለቅሶ ከተቀመጡ ሰዎች መካከል ገብቶ «ተነሡልኝ፣ ብርድ ልብሴን ልውሰድ» የሚል ሰው ግን በወሎ ምድር እስካሁን አልተወለደም፤ ቢወለድም ከዚያ ወዲያ የሚቀብረው አያገኝም። ስለዚህ ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ እናቴ ደግሞ የእዝኑን እንጀራ በመሶብ ይዛ ሄድን።

ድንኳኑ ውስጥ እንደገባሁ ዐይኔ ፈልጎ አገኘው። ከምንጣፎቹ ሁሉ የተዋበው እሱ በመሆኑ ለሽማግሌዎች ክብር ተብሎ በላይኛው ወገን ተነጥፎ፣ በላዩ ላይ የሰፈሩ አዛውንት ተደርድረው ተቀምጠዋል። የቡና ስኒ ይተላለፋል፤ ንፍሮ በሰፌድ ይዞራል። አንዱ ሽማግሌ ስኒያቸውን ያስቀመጡት ከሁሉ አብልጬ በምወዳት፣ ነጭና ሰማያዊ በሆነች ካሬ መሃል ላይ ነበር። ከሴቶቹ ወገን ተቀምጬ ረድፎቹን እየቆጠርኩ የትኛው ቡና እንደተደፋበት፣ የትኛው በጫማ እንደተረገጠ ስለይ እንባዬ መጣ። አጠገቤ የነበሩ እናት ጀርባዬን እየደባበሱ፣ «አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ፤ ሁላችንም ሂያጆች ነን» አሉኝና ወደ እናቴ ጠጋ ብለው፣ «ትቀርባቸው ነበር እንዴ?» ሲሉ በሹክሹክታ ጠየቁ። እናቴ ፊቷን ሳትለውጥ፣ «ልቧ ስስ ነው» ብላ መለሰች።

በላይኛው ወገን ደግሞ ሽማግሌዎቹ ስለ ምንጣፉ ይወያዩ ጀመር። አንዱ ከሳውዲ የመጣ መሆን አለበት አሉ። ሌላው በጣታቸው እየዳሰሱ፣ «ድሪቶ ነው፤ ግን ባለጸጋ ድሪቶ ነው» ሲሉ ፈረዱ። ይህን ፍርድ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ስለ ሥራዬ ከተነገረው ሁሉ በላይ እወደዋለሁ። ሦስተኛው ሽማግሌ ግን ዝም ብለው አንዲትን ቁራጭ ትኩር ብለው ሲያዩ ከቆዩ በኋላ፣ «ይቺ የእኔ ሽርጥ ናት!» አሉ።

እዚህ ላይ ስለ እኚህ ሽማግሌ ጥቂት መናገር ግድ ይሆናል። እሳቸውና ሟች የአጥር ጎረቤታሞች ሲሆኑ፣ ድንበሩ ላይ የበቀለች አንዲት ባሕር ዛፍ የማን ናት በሚል ለዓመታት ተኳርፈው ኖረዋል፤ ሽማግሌ ተልኮ አልታረቁም፣ በበዓል ቀንም ቡና አልተጠራሩም። ለቅሶውን የደረሱትም ቅሬው ቀሪ እንዳይጽፍባቸው ነው የሚል ሐሜት ነበር። ሽርጣቸው የተባለችውም ቁራጭ በእርግጥ የእሳቸው ሳትሆን አትቀርም፤ ሽርጡ ረዝሞባቸው ልብስ ሰፊ ዘንድ ሲያሳጥሩት የተረፈችው ጨርቅ በእኔ ከረጢት ገብታ ኖሯል። ሽማግሌው ነገሩን ለማረጋገጥ ለጓደኞቻቸው የለበሱትን ሽርጥ ጫፍ ከቁራጯ ጋር አስተያይተው፣ ሌላም ቁራጭ ይኖር እንደሆነ ለማየት በተቀመጡበት ወደ ጠርዙ ፈቀቅ አሉ።

ጠርዙ ባለ እስፒሉ ነበር።

«ያ ረብ!» የሚለው ጩኸታቸው ድንኳኑን አናወጠው። ከተቀመጡበት ተስፈንጥረው ቆሙ፤ ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው፣ ዐይናቸው እንባ አቅርሮ፣ «ወይኔ! ወይኔ!» ይሉ ጀመር። ለምን እንደሆነ የምናውቀው እኔና እሳቸው ብቻ ነበርን። ከቀብር መልስ ረገብ ብሎ የነበረው ለቅሶ እንደ አዲስ ፈነዳ፤ የሟች ልጅ «ጎረቤትሽ እንኳ አልቻሉም፣ እናቴ!» እያለች ሙሾ አወረደች፤ አልቃሾቹ ተቀበሏት፤ ደጅ ያሉትም ሌላ ሰው የሞተ መስሏቸው እየሮጡ ገቡ። የሟች የበኩር ልጅ መጥቶ በሽማግሌው አንገት ላይ ተጠመጠመ። እሳቸውም ቁመው፣ አንድ እጃቸውን በልጁ ትከሻ ላይ፣ ሌላውን እጃቸውን በሚያማቸው ስፍራ ላይ አድርገው አለቀሱ። እኔም አብሬ አለቀስኩ፤ ሳቄን በእንባ ካላሳለፍኩት መውጫ አልነበረውም።

ድንኳኑ ሲነሣ የቅሬው ልጆች ብርድ ልብሱን መለሱልኝ። የቡና እድፍና እጥፋት ውስጥ የገባ የሽምብራ ንፍሮ ተገኝቶበታል፤ እድፉን ቶሎ በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፌ በሳሙና ሳሸው አብዛኛው ለቀቀ። አስቀድሜ አጥቤው ስለነበር ከ315ቱ አንዷም ቁራጭ ቀለም አልለቀቀችም። ጋቢውም ያ ሁሉ ሽማግሌ ተቀምጦበት፣ ተነሥቶበት፣ አንዱ ደግሞ ዘሎበት እንኳ ከስፍራው ንቅንቅ አላለም፤ ከዚህ የበለጠ የጥራት ፍተሻ የሚያደርግ ፋብሪካ መኖሩን እጠራጠራለሁ። እስፒሎቹን ስለቅም ግን አንዱ ጎደለ። ሳሎኑን ጠረግኩ፣ አቡጀዲውን በእጄ ዳሰስኩ፤ የለም።

በወሩ የቅሬ ስብሰባ ላይ ሰብሳቢው ከወርሃዊ መዋጮው ጉዳይ በፊት ስለ ሽማግሌው ሰፊ ምስጋና አቀረቡ። ቂምን በሞት ፊት ማሸነፍ እንዴት እንደሚቻል ያሳዩ አባት መሆናቸውን፣ የሟች ልጆችም ባሕር ዛፏን ለእሳቸው መተዋቸውን፣ እሳቸው ደግሞ በበኩላቸው አልቀበልም ብለው ለቅሬው የድንኳን ምሰሶ እንድትሆን መስጠታቸውን ገለጹ። ጉባኤው አጨበጨበ። ሽማግሌው ምስጋናውን አንገታቸውን ደፍተው ቆመው ተቀበሉ፤ ወንበር ቢቀርብላቸውም በእጃቸው ጠረግ ጠረግ አድርገው ዐይተው ነበር የተቀመጡት።

ከስብሰባው በኋላ ከበር ላይ ጠበቁኝ። ጨርቅ ለቃሚዋ ማን እንደሆነች ከልብስ ሰፊው ጠይቀው ደርሰውበታል። ከደረት ኪሳቸው በወረቀት የተጠቀለለች እስፒል አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ይህቺ ያንቺ ናት። እኔም የጮኽኩት አዝኜ ነው፤ ተግባባን?» አሉኝ።

«ተግባብተናል፣ አባባ። አዝነው ነው።»

«ደግ። እንግዲያውስ ከዚያው ከሽርጤ ጨርቅ አንድ የመቀመጫ ትራስ ትሰፊልኛለሽ፤ ወፈር ያለ ይሁን።»

ትራሱን ጀምሬዋለሁ። ዘጠኝ ቁራጭ፣ መሃሏ የሽርጡ ጨርቅ ናት፤ ውስጡን በባዘቶ ሞልቼ በቅርብ በቅርብ እየሰፋሁት ነው። ሽማግሌው በየሁለት ቀኑ የልጅ ልጃቸውን ልከው ከምን እንደደረሰ ያስጠይቃሉ። በቅርቡ በላኩት መልእክት ደግሞ፣ ትራሱን ከማስረከቤ በፊት ለሥራው የገቡትንና የወጡትን እስፒሎች ቆጥሬ ቁጥሩ እኩል መሆኑን በጽሑፍ እንዳረጋግጥላቸው፣ ምስክርም እናቴ እንድትፈርም ጠይቀዋል። እናቴ ፈቃደኛ ናት፤ ብቻ በመጀመሪያ የጋቢዋ ጉዳይ በጽሑፍ እንዲሠፍርላት ትፈልጋለች።