ካልሲው ላይ አቧራ የለም

ዛሬ ሐዋሳ፣ ሰፈራችን ሜዳ ላይ ኳስ ሳይ አመሸሁ። የሰፈሩ ኮከብ ኳስ ሲነጠቅ ወገቡን ይዞ ቆመ። አልተመለሰም። ካልሲው ላይ አቧራ እንኳ የለም። አንጀቴ አረረ! ይሄ ልጅ ድሮ እስኪመሽ ብቻውን ግድግዳ ላይ ሲለጋ የማውቀው ነው።

ስመለስ ጃፓናዊው የቤዝቦል ኮከብ ሾሄ ኦታኒ ትዝ አለኝ። በ2023 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ከአሜሪካው የቤዝቦል ቡድን ዶጀርስ ጋር የ10 ዓመት፣ የ700 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። ይሄ ሁሉ ስምና ገንዘብ ሰው ያሰንፋል ይባላል። እሱ ግን በቀጣዩ ዓመት 54 ሆም ረን (ኳሱን ከአጥር ውጪ የሚያወጣ ምት) መታ፣ 59 ቤዝ ሰረቀ። ቤዝ መስረቅ ማለት እኮ ኳሱ ሳይቀድም ወደሚቀጥለው ማረፊያ (ቤዝ) ሮጦ አፈር ላይ መንሸራተት ነው። እና እኔ ዝናን አልከስም። እግር የሚይዘው "በቃ፣ ደርሻለሁ" ማለት ነው።

ነገ ልጁን ቡና ጋብዤ ላናግረው ነው።