ለመገጣጠሚያ ሕመም ሁለት የፕሮቲን ምርመራዎችን አብሬ መሥራት የጀመርኩት እንዴት ነው

ጅማ ውስጥ በአንድ ላቦራቶሪ ስሠራ ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚታዘዘው ምርመራ ብዙውን ጊዜ ሩማቶይድ ፋክተር የተባለውን የደም ፕሮቲን መፈለግ ብቻ ነበር። የምርመራው የላቴክስ ጠብታ ከሴረሙ (የደም ሴሎቹ ተለይተው ከሚቀረው ፈሳሽ) ጋር ተቀላቅሎ ከረጋ «ፖዘቲቭ»፣ ካልረጋ «ኔጋቲቭ» ብዬ ጽፌ እልካለሁ። ይህን አሠራሬን ያስለወጡኝ ከሰቃ አካባቢ የመጡ አንዲት እናት ናቸው። ደም ልቀዳላቸው ስል የሁለቱም እጆቻቸው አንጓዎች አብጠው አየሁ። «ልጄ፣ ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ አልታጠፍ ይሉኛል፤ ፀሐይ እስኪሞቅ ስኒ እንኳን መያዝ አልችልም፤ ዘንድሮ ቡና ለቀማም አልወጣሁ» አሉኝ። ውጤታቸው ግን ኔጋቲቭ ሆነ።

ኖርዌያዊው ኤሪክ ዋለር እ.ኤ.አ. በ1940 ይፋ ያደረገው ይህ ፋክተር ራሱ ፀረ እንግዳ አካል ሲሆን፣ ዒላማው ደግሞ አይጂጂ የተባለው ሌላው የሰውነታችን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ሩማቶይድ አርትራይተስ (የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበት በሽታ) ካለባቸው ሰዎች በአንዳንዶቹ ደም ውስጥ አይገኝም፤ በአንጻሩ በሳንባ ነቀርሳ ወይም በሄፓታይተስ ሲ በተያዙ፣ አልፎ አልፎም በዕድሜ በገፉ ጤነኛ ሰዎች ላይ ይታያል። አንቲ ሲሲፒ የተባለው ሌላው ፀረ እንግዳ አካል ግን አርጂኒን የተባለው አሚኖ አሲድ ወደ ሲትሩሊን የተለወጠባቸውን ፕሮቲኖች የሚያጠቃ በመሆኑ፣ ፖዘቲቭ ሲሆን ይበልጥ ወደዚህ በሽታ ያመለክታል። ስለዚህ ሐኪማቸውን አነጋግሬ ከቀረው ሴረም ላይ የአንቲ ሲሲፒን ምርመራ በኤላይዛ (ኢንዛይም በሚፈጥረው ቀለም ፀረ እንግዳ አካልን በሚለይ ዘዴ) ልሠራ ተስማማን።

የመጀመሪያው ሙከራ ተበላሸ። መብራት ይጠፋል ብዬ ስለሰጋሁ ምርመራው የሚሠራበትን ፕሌት (ትናንሽ ጉድጓዶች ያሉትን ሰሌዳ) እጥበት አቻኮልኩት፤ ያልተጣበቀው ኢንዛይም ያለው ፀረ እንግዳ አካል ታጥቦ ስላልወጣ፣ ቀለም ሊይዝ የማይገባው የኔጋቲቭ መቆጣጠሪያ ጉድጓድ ሰማያዊ ሆነ። ውጤቱን በሙሉ ጣልኩት፤ እኚያ እናትም ለሁለተኛ ጊዜ መመላለስ ግድ ሆነባቸው። ይህ እስካሁን ይቆጨኛል። በድጋሚ ስሠራ ከእያንዳንዱ እጥበት በኋላ ፕሌቱን ገልብጬ በንጹሕ መምጠጫ ወረቀት ላይ እያንኳኳሁ አደረቅሁት። መቆጣጠሪያው ጥርት ብሎ ሲቀር የእርሳቸው ጉድጓድ ግን ደማቅ ሰማያዊ ሆነ፤ አሲዱን ስጨምርበትም ወደ ቢጫ ተለወጠ፤ በ450 ናኖሜትር ሲነበብም ከፖዘቲቭ ወሰኑ እጅግ በላይ ነበር።

ያም ሆኖ በሽታውን የወሰነው ያ ቁጥር ብቻውን አልነበረም። ሐኪሙ የተጠቀሙበት እ.ኤ.አ. የ2010 የሩማቶይድ አርትራይተስ መመዘኛ የተጎዱትን መገጣጠሚያዎች ብዛት፣ የሁለቱን ፀረ እንግዳ አካላት ውጤት፣ ሲአርፒን ወይም ኢኤስአርን (በሰውነት ውስጥ ብግነት መኖሩን የሚያሳዩ የደም ምርመራዎችን)፣ እንዲሁም ሕመሙ 6 ሳምንት መሙላት አለመሙላቱን አንድ ላይ ይቆጥራል። ከእነዚህ የመገጣጠሚያዎቹ ብዛትና የሕመሙ ቆይታ ከደም ቱቦው ውስጥ አይገኙም። ከዚያ ወዲህ ሁለቱን ምርመራዎች አብሬ እሠራለሁ፤ ሴረሙንም በየጊዜው ቀልጦ ዳግም እንዳይቀዘቅዝ በትናንሽ ቱቦዎች ከፋፍዬ አስቀምጣለሁ። ደም ስቀዳም «ጠዋት ጣቶችዎ እስኪፍታቱ ምን ያህል ይቆያል?» ብዬ ጠይቄ መልሱን ከውጤቱ ጎን እጽፋለሁ።