ከቅጠሉ ወደ ስኒው የሚደርሰው አንቲኦክሲዳንት

ለሻይ በሚፈሉት በናና፣ በሮዝመሪና በሴጅ ቅጠሎች ውስጥ በብዛት ከሚገኙት አንቲኦክሲዳንቶች (ሌሎች ነገሮች ከኦክስጅን ጋር ተዋህደው እንዳይበላሹ ከሚከላከሉ ውህዶች) አንዱ ሮዝማሪኒክ አሲድ ነው። ፖሊፌኖሎች ከሚባሉት የዕፅዋት ውህዶች ወገን ሲሆን ሙቅ ውሃ በደንብ ያወጣዋል። የሮዝመሪው ካርኖሲክ አሲድ ግን የሚሟሟው በስብ ስለሆነ አብዛኛው ከአተላው ጋር ይጣላል።

ብክነቱ የሚጀምረው ገና ውሃው ሳይፈላ ነው። እርጥብ ቅጠል ሲታሽ ሴሎቹ ይፈርሳሉ፤ ፖሊፌኖል ኦክሲዴዝ የተባለው ኢንዛይም ከፖሊፌኖሉና ከኦክስጅን ጋር ይገናኝና ቅጠሉ ይጠቁራል። ስለዚህ ሳይታሽ፣ ሳሳ ተደርጎ ተዘርግቶ፣ ነፋሻ ጥላ ውስጥ ወይም ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ማድረቂያ ይድረቅ። የቅጠሉ አንገት ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ካልተሰበረ ገና ነው፤ እንዲሁ ከታሸገ ይሻግታል። ማድቀቁ ለመጠጣት ሲታሰብ ይደርሳል።

ለ200 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ 2 ግራም ደረቅ ቅጠል፣ ተከድኖ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ። ክዳኑ የሚጠቅመው ለመዓዛው ነው፤ ፖሊፌኖል ከእንፋሎት ጋር አይተንም።

በቤተ ሙከራ ብልቃጥ ውስጥ የተለካ የአንቲኦክሲዳንት ኃይል ሰውነት ውስጥ ያንኑ ይሠራል ማለት አይደለም፤ የማሸጊያ ላይ ቁጥሮችን በጥርጣሬ ማየት ይሻላል። የተረጋገጠው ነገር ሌላ ነው፦ ፖሊፌኖል ከእህልና ከአትክልት የሚገኘውን ብረት ይይዝና ሰውነት በደንብ እንዳይወስደው ያደርጋል። የደም ማነስ ያለበት ሰው ሻዩን ከምግብ ቢያንስ አንድ ሰዓት ያርቀው።