ኢንዲያና ማሸነፍ የለመደበት ዓመት

ስለ አሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል ሲነሳ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ እ.ኤ.አ. በ2024 የተጫወተው የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ቡድን ነው። ፉትቦል ስል እኛ እግር ኳስ የምንለውን ሳይሆን ሞላላዋን ኳስ በእጅ ይዘው የሚሮጡበትን የአሜሪካኖቹን ጨዋታ ማለቴ ነው። በብሉሚንግተን ከተማ የሚገኘው ይህ ዩኒቨርሲቲ በቅርጫት ኳስ ስሙ የገነነ ቢሆንም፣ በፉትቦል ግን ከመቶ ዓመት በሚበልጥ ታሪኩ በአንድ የውድድር ዘመን ከ9 ጨዋታ በላይ አሸንፎ አያውቅም ነበር። በሽንፈት ብዛትም በከፍተኛው ዲቪዚዮን ካሉት ሁሉ ቀዳሚው እሱ ነበር። በ2023 ከ12 ጨዋታዎች 9ኙን ከተሸነፈ በኋላ አሰልጣኙን አሰናበተ።

በምትኩ የመጣው ከርት ሲግኔቲ ያኔ የ62 ዓመት ሰው ነበር። ስለ ሕይወቱ ካነበብኩት ሁሉ የማረከኝ በ2011 የወሰነው ውሳኔ ነው። በአላባማ ዩኒቨርሲቲ የዝነኛው ኒክ ሴበን ረዳት ሆኖ የብሔራዊ ዋንጫ ድል ተካፋይ ከሆነ በኋላ፣ ያንን ክብር ትቶ፣ በሁለተኛው ዲቪዚዮን ወደሚጫወት፣ በፔንሲልቬኒያ ግዛት ወደሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ በዋና አሰልጣኝነት ሄደ። ቀደም ሲል አባቱ ያሰለጠኑበት ይህ ዩኒቨርሲቲ የሚገኝበት ከተማም ስሙ ኢንዲያና መሆኑ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ከዚያ ወደ ኢላን፣ ቀጥሎም ወደ ጄምስ ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ ተሻግሮ፣ በጄምስ ማዲሰን በአምስት የውድድር ዘመን 52 ጊዜ ሲያሸንፍ የተሸነፈው 9 ጊዜ ብቻ ነበር። ስለዚህ ለብሉሚንግተን አዲስ ይሁን እንጂ ለማሸነፍ አዲስ አልነበረም።

አሠራሩም ግልጽ ነበር። የዝውውር ሕጉ ከላላ ወዲህ የኮሌጅ ተጫዋች ትምህርት ቤት ቀይሮ ወዲያው መሰለፍ ስለሚችል፣ ሲግኔቲ ከአስር የሚበልጡ ልጆችን ከጄምስ ማዲሰን ይዞ መጣ። ከእነሱም ውስጥ ኤይደን ፊሸርና ሚካይል ካማራ የመከላከሉ ምሰሶ ሲሆኑ፣ ኢላይጃ ሳራት ደግሞ ኳስ በመቀበል ተለይቶ ታወቀ። ሰውዬው ወደፊት ጥሩ ይሆናል ከሚባል ልጅ ይልቅ ሜዳ ላይ ሠርቶ ያሳየውን ይመርጥ ነበር፤ በእኔ እምነት የቡድኑ ምስጢር ከሌላው ሁሉ ይልቅ ይኸው ነው። ካናዳዊው ኳርተርባክ (ማጥቃቱን የሚመራውና ኳስ የሚወረውረው ተጫዋች) ከርቲስ ሩርክም ከኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ልምድ ያለው ተጫዋች ነበር። የውድድር ዘመኑን ሙሉ የጉልበቱ ጅማት ተጎድቶ እንደተጫወተ ውድድሩ ካለቀ በኋላ ስሰማ፣ ያየኋቸውን ጨዋታዎች እንደገና ማየት አማረኝ።

ቡድኑ ነብራስካን 56 ለ 7 ረታ። በሚሺጋን ስቴት 10 ለ 0 ሲመራ፣ በዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከኋላ ሆኖ ራሱን ያገኘው ያን ቀን ነበር፤ ሆኖም 47 ነጥብ በተከታታይ አስቆጥሮ ወጣ። በኅዳር 9 ቀን (በፈረንጆቹ ኖቬምበር ማለቴ ነው) የ2023ቱ ሻምፒዮን ሚሺጋን (ከሚሺጋን ስቴት ሌላ ቡድን ነው) ወደ ብሉሚንግተን መጣ። በሁለተኛው አጋማሽ የኢንዲያና ማጥቃት ጨርሶ ቢዳከምም፣ መከላከሉ ጨክኖ 20 ለ 15 አሸነፈ፤ አሥረኛው ድል፣ በታሪኩ የመጀመሪያው። ከሌሎቹ ጎላ ጎላ ካሉት ውጤቶች ሁሉ እኔ የምወደው ይህን ጠባብ ድል ነው፤ ምክንያቱም የቀድሞው ኢንዲያና በዚያች ሰዓት ይፈርስ ነበር። በዘመኑ ማብቂያም ጎረቤቱን ፐርዱን 66 ለ 0 ረትቶ፣ ሁለቱ የሚፎካከሩበትን አሮጌ የእንጨት ባልዲ ወሰደ።

የተሸነፈው ሁለቴ ብቻ ነው፤ በኦሃዮ ስቴት 38 ለ 15፣ ከዚያም ለመጀመሪያ ጊዜ 12 ቡድኖች በተካፈሉበት ጥሎ ማለፍ መክፈቻ ላይ በኖተር ዴም 27 ለ 17። ተቺዎች ደካሞችን ብቻ ነው ያሸነፈው አሉ። እኔ ግን በጥር 2025 የፍጻሜውን ጨዋታ ሳይ፣ አትላንታ ሜዳ ላይ ፊት ለፊት የቆሙት እነዚያው ኦሃዮ ስቴትና ኖተር ዴም ነበሩ።