ጣቱ ጠቁሮ እያዩ ደም ማቅጠኛውን ሄፓሪን ለምን አይሰጡትም?

ባለፈው አይሲዩ (ጽኑ ሕሙማን ክፍል) ተረኛ ሆኜ ሳድር የአንድ ታማሚ እናት ኮሪደር ላይ ያዙኝ። ልጃቸው አንጀቱ ተበስቶ ሆዱ መግል ሞልቶ ነው የመጣው፣ ሴፕሲስ (ኢንፌክሽን ሰውነትን በሙሉ አናግቶ የአካል ክፍሎችን የሚጎዳበት ሁኔታ) ውስጥ ገብቷል፣ የእግሩ ጣቶች ጠቁረዋል። "ልጄ፣ ደሙ ረግቶ ነው አላችሁኝ፣ የጎረቤታችን ልጅ እግሯ ላይ ደም ሲረጋባት በሄፓሪን መርፌ ነው የዳነችው፣ ለሱ ለምን ትከለክሉታላችሁ?" አሉኝ። ጥያቄው እኮ ልክ ነው!

ችግሩ ያው ልጅ መርፌ የተወጋበት ቦታ ሁሉ ደም እያዠ ነበር፣ ፕላትሌቱ (ደም እንዲረጋ የሚረዱት ጥቃቅን የደም ሕዋሶች ቁጥር) ወደ 34,000 ወርዷል። ዲአይሲ የምንለው ይሄ ነው፤ ኢንፌክሽኑ የደም መርጊያውን ሲስተም በየቦታው ይቀሰቅሰዋል፣ ትንንሾቹ የደም ስሮች ይደፈናሉ፣ ኩላሊቱም ጣቱም ደም ያጣል፣ በዛው ግን ፕላትሌቱና ማርጊያ ፕሮቲኖቹ ተሟጠው ያልቁና መድማት ይመጣል። እንግዳው ሳያልቅ ወጡ አለቀ እንደሚባለው ድግስ በሉት።

ደም ማቅጠኛ ያድናል ብለው ትልልቆቹም ሞክረውታል። ዚግሪስ የሚባለው የኢላይ ሊሊ መድኃኒት በፈረንጆቹ 2001 በ1,690 ታማሚዎች ጥናት ላይ በ28 ቀን ውስጥ የሚሞተውን ከ30.8 ወደ 24.7 ፐርሰንት አወረደ ተብሎ ተፈቀደ፣ አስር ዓመት ተሸጠ፣ ከዛ ሌላ ትልቅ ጥናት ጥቅም የለውም ሲል በ2011 ራሱ ካምፓኒው ከገበያ አወጣው። ሌላው የደም መርጋት መከላከያ አንቲትሮምቢንም በ2,314 ሰው ተሞክሮ መድኃኒቱን ካገኙት 38.9፣ ካላገኙት 38.7 ፐርሰንት ሞቱ፣ በቃ እኩል ናቸው፣ ደግሞ መድማቱን ጨመረ። ጃፓኖች ግን ትሮምቦሞዱሊን የሚባለውን ሌላ የደም መርጋት መከላከያ እስካሁን ይጠቀማሉ፣ 2019 ላይ የወጣው ኢንተርናሽናል ጥናት ሞትን በግልጽ አልቀነሰም ቢልም። እኔ በግሌ የጃፓኖቹ ግትርነት ያስቀናኛል፣ ግን መድኃኒቱ እኛ ጋር የለም እንጂ ቢኖርም እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ለእናትየው ይሄን ሁሉ አላልኩም። "እናቴ፣ ደሙን የሚያረጋው መግሉ ነው፣ መጀመሪያ እሱ ይውጣ፣ አሁን ማቅጠኛ ብሰጠው ጭንቅላቱ ውስጥ ሊደማ ይችላል" አልኳቸው። በሌሊት ኦፕራሲዮን ገባ፣ አንቲባዮቲኩ ቀጠለ። አምስተኛው ቀን ፕላትሌቱ 90,000 ደረሰ፣ መድማቱም ቆመ፣ ሁለት የእግር ጣቶቹ ግን አልተረፉም። አልጋ ላይ ተኝቶ እግሩ ላይ ትልቅ የረጋ ደም እንዳይፈጠርበት ያን ቀን ትንሿን የሄፓሪን ዶዝ ስናስጀምር እናትየው መርፌዋን አይተው "እንዴ፣ ያኔ ስለምንህ እምቢ ብለኸኝ!" አሉኝ።